ትንሿ የእርሻ መኪናና የእኅቴ በሬዎች



ስለ ቤተ ሰብ በሚጻፍበት ገጽ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ የእርሻ መኪና ነው። መኪና ከቤተ ሰብ ነገር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ፤ በዚያች መኪና ምክንያት የአንዲት እኅት እንጀራ ሊጎድልና የአንድ ቤት ፍቅር ሊናጋ ደርሶ ነበርና። ጥፋቱም የመኪናዋ ሳይሆን የእኔ የራሴ ነበረ።

የተወለድሁት በምዕራብ ጎጃም፥ ቀድሞ ወጀት ትባል ከነበረችው ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ፥ ወደ ማንኩሳና ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ነው። በልጅነቴ ለትምህርት ስለ ወጣሁ ኑሮዬ በአዲስ አበባ፥ ሥራዬም በመሥሪያ ቤት ሆነ። አባታችን ካለፈ በኋላ መሬቱን ስታሳርስ የኖረችው ታላቅ እኅቴ ናት። እርሷም ባሏ ሞቶባት አንድ ወንድ ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። የምትታረሰው መሬት 9 ጥማድ ስትሆን፥ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ግድም ነውና በሄክታር ሲቈጠር ከሁለት ጥቂት ከፍ ይላል። እርሱም ቢሆን በአራት ቦታ የተከፋፈለ ነው፤ ሁለቱ ቀይ አፈር፥ አንዱ ተዳፋት፥ አንዱም ከወንዝ አጠገብ ያለ ዋልካ ነው። በቈሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ ይዘራበታል።

እኅቴ ሁለት በሬዎች ነበሯት። አንዱን ዳለቻ፥ ሁለተኛውን ቦራ ትለው ነበር። ወንድ ልጇ ገና ሕፃን በነበረበት ጊዜ እነዚህ በሬዎች በእርሷ ቤት እንደ ወንድ የሚቈጠሩ ነበሩ። እርሷ በሬዎቿን ለጎረቤት ስትሰጥ፥ ጎረቤቱ በተራው ጉልበቱንና ሞፈሩን ይሰጣት ነበር። ይህ ወንፈል የሚባለው ልማድ በባላገር ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ በከተማ የምንኖር ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

በ2011 ዓመተ ምሕረት መንግሥት ለእርሻ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ያለ ቀረጥ ወደ አገር እንዲገቡ ፈቀደ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ልቤ ተነሣሣ። አባቴ ከጎሕ እስከ ፀሐይ ግባት ሞፈር ይዞ ሲደክም አይቻለሁና፥ ለቤቱ ትራክተር ያስገባ ልጅ ተብዬ ለመመስገንም ሳልመኝ አልቀረሁም። ገንዘባችን ስለማይበቃ በካፒታል ዕቃ ኪራይ መንገድ ሄድን። በዚህ መንገድ ገዢው 20 በመቶ የሚሆነውን ሲያዋጣ የቀረውን አበዳሪው ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ዕዳው በየጊዜው እየተከፈለ ያልቃል። እኔ ያጠራቀምሁትን ሰጠሁ፤ ታናሽ ወንድማችንም አዋጣ፤ ጥቂት ጐደለ። የጐደለውን ለመሙላት እኅቴ በሬዎቿን እንድትሸጥ የመከርኋት እኔ ነኝ።

እርሷም እንዲህ አለችኝ፤ «ወንድምዓለም፥ በሬ ቢሰበር አርደን እንበላዋለን። ይህ ብረት ቢሰበር ምን እናደርገዋለን?»

እኔም ሣቅሁ። የተማረ ሰው ያልተማረውን ሲሰማ የሚሥቀውን ሣቅ ሣቅሁ። በሬዎቹም ተሸጡ።

ትራክተሯ 25 የፈረስ ጉልበት ያላት፥ ቀለሟ ቀይ፥ መልኳ የሚያምር ነበረች። ከእርሷ ጋር ሦስት ዲስክ ያለው ማረሻ፣ አፈር የሚፈጭ ሮታቫተርና አንድ ተሳቢ ገዛን። መሣሪያዎቹን የመረጠልን ሻጩ ነጋዴ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እኔ ስለ አፈሩ አልነገርሁትም፥ እርሱም አልጠየቀኝም። ነገሩ ሁሉ «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንደሚባለው ሆነ።

በ2013 ዓመተ ምሕረት መኸር ሥራ ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን የአገሩ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው ሲያዩ፥ የእኅቴ ልጅ ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ በቀዩ አፈር ላይ አወረደው። መኪናዋ ጥቂት እንደ ሄደች የኋላ ጎማዎቿ በቦታቸው መሽከርከር ጀመሩ፤ ሞተሩም ጭስ ተፍቶ ጠፋ። ማረሻውን ከፍ አድርጎ ሲያርስ ደግሞ ጥልቀቱ ከበሬ ማረሻ የማይሻል ሆነ። ያም ሆኖ የበቈሎው መሬት እንደ ምንም ታርሶ ተዘራ።

በቈሎው ጉልበት ሲደርስ የሽልሻሎ ጊዜ ሆነ። ሽልሻሎ ማለት በበቈሎው መስመር መካከል እያረሱ አረሙን መንቀልና አፈሩን ወደ ሥሩ ማስጠጋት ነው። በሬዎች አፋቸው ተሸብቦ በመስመሩ መካከል በጥንቃቄ ይሄዳሉ። የእኛ መኪና ግን የጎማዎቿ ርቀት ከመስመሩ ጋር አልተስማማም፤ በገባችበት ሁሉ በቈሎውን ረገጠችው። እኅቴ ይህን አይታ ምንም ሳትናገር መኪናዋን አስወጥታ፥ ከልጇ ጋር መቈፈሪያ ይዛ ገባች።

ሐምሌ ሲገባ የጤፍ ዘር ደረሰ። የተዳፋቱ መሬት በሮታቫተር ተፈጭቶ እንደ ዱቄት ላመ፤ ያየውም ሰው ሁሉ አደነቀ። በማግሥቱ የጣለው ዝናም ግን ያን የላመ አፈር ጠርጎ ወደ ወንዝ አወረደው። ወዲያው መሣሪያውን የሚያነሣው የዘይት ኃይል ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ተበጥሶ ሥራው ሁሉ ቆመ። ለነጋዴው ስንደውል መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ እንድንጠብቅ ነገረን። ዘር ግን አይጠብቅም።

አንባቢዎች ሆይ፥ ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፍ አሁንም ያፍረኛል። እኅቴ ጥማድ ፍለጋ ወጣች። ብዙ ዓመት በሬዎቿን ለሰው ስትሰጥ የኖረች ሴት፥ አሁን በወንፈል የምትሰጠው ነገር የሌላት ሆና በሰው ደጅ ቆመች። ወቅቱ የሁሉም ሥራ የሚጣደፍበት ስለ ሆነ ሁለት ቀን ሙሉ ባዶ እጇን ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ግን ሰባት ጥማድ በሬ ከነአራሾቹ በመሬቷ ላይ ቆመው ተገኙ። ጎረቤቶቿ ሳይነግሯት በደቦ ተማክረው መጥተው ነበር። እርሷ ማመስገን ስትጀምር ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፥ «የአንቺ ዳለቻ የእኔን መሬት ስንት ዓመት አርሶልኛል። ዛሬ ዕዳዬን እከፍላለሁ እንጂ ውለታ አልሠራሁም» አላት።

ይህን ሰምቼ ከአዲስ አበባ ስመጣ መሬቱ ተዘርቶ አገኘሁ። እኅቴ እንደ ልማዷ እግሬን አጥባ እንጀራ አቀረበችልኝ። ከተመገብን በኋላ፥ «ወንድምዓለም፥ መኪናዋን አልጠላኋትም። ያዘንሁት ሳትሞከር በሬዎቼን ስላሸጥኸኝ ነው» አለችኝ። ከዚህ የበረታ ወቀሳ ከቶ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን በደርግ ዘመን በብር ሸለቆ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲነዱ የኖሩ አንድ አረጋዊ በአቅራቢያችን መኖራቸውን ሰማን። ሄደን ለመንናቸው፤ መጥተውም መሬቱን በእግራቸው ዞረው አዩ። መኪናዋን ያዩት በመጨረሻ ነው። «ልጆቼ፥ እናንተ ከመጨረሻው ጀምራችኋል፤ ሰው አስቀድሞ አፈሩን፥ ከዚያ ሥራውን፥ ከዚያ መሣሪያውን፥ በኋላም መኪናውን ይመርጣል» አሉን። ያስተማሩንን ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት እንደሚከተለው እጽፋለሁ።

አንደኛው ስለ ጉልበት ነው። አየር በከፍታ ቦታ ስለሚሳሳ፥ አየር የሚገፋ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ግድም ያጣል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ነው፤ ቡሬ ደግሞ ከዚህ ትበልጣለች። ስለዚህ በወረቀት 25 የፈረስ ጉልበት የተባለችው መኪና በእኛ አገር 20 ብቻ ይቀራታል። ሦስት ዲስክ ለእርሷ ከዐቅም በላይ ነበረ። አንድ ጥማድ በሬ አንድ የፈረስ ጉልበት ግድም ስላለው መኪናዋ ብዙ ጥማድ ታህላለች፤ ነገር ግን ከጫንቃዋ በላይ የተጫነባት ሁሉ ትቆማለች።

ሁለተኛው ስለ አፈር ነው። የበሬ ማረሻ አፈሩን በሹል ስለሚቀድ በትልሞቹ መካከል ያልታረሰ ይቀራል፤ ገበሬ ድገማና ሥለሳ እያለ መስቀለኛ የሚያርሰው ስለዚህ ነው። ከዓመት እስከ ዓመት በአንድ ጥልቀት ሲታረስም ከሥር ጠጣር ንጣፍ ይፈጠርና ውኃ እንዳይሰርግ፥ ሥርም እንዳይወርድ ይከለክላል። ይህን ንጣፍ ለመስበር ሰርሳሪ ማረሻ ያስፈልጋል፤ እርሱም ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ስለ ሆነ ከመግዛት ይልቅ በበጋ ትልቅ ትራክተር ተከራይቶ አንድ ጊዜ ማሠራት ይሻላል። ሮታቫተር ክፉ መሣሪያ አይደለም፤ ቦታው ግን ሜዳ እንጂ ተዳፋት አይደለም። የምዕራብ ጎጃም አፈር በብዙ ቦታ አሲድ ስለ በዛበት ኖራ ሲጨመርበት፥ ኖራውን ከአፈሩ ጋር ለማዋሐድ ይጠቅማል። የጤፍ ዘር ግን እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ የሚፈልገው የላመና የተጠቀጠቀ መደብ ነው፤ እንደ ዱቄት በተነፋ አፈር ውስጥ ዘሩ ጠልቆ ይቀራል። አባቶቻችን የጤፍ መሬት በከብት ያስረገጡት በከንቱ አልነበረም።

ሦስተኛው ስለ ልክ ነው። በቈሎ በመስመር ሲዘራ በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ስለዚህ የመኪናዋ ጎማ ከመካከል እስከ መካከል 150 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሁለት መስመር በሆዷ ሥር አሳልፋ በሰላም ትሄዳለች። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች የኋላ ጎማው ቸርኬ ተፈትቶ ሲገለበጥ ርቀቱ ይሰፋል። በዓይናችን ፊት የነበረውን ይህን ነገር ባለማወቃችን በቈሎውን አስረገጥነው። ትራክተር የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት በሜትር ይለካ።

አራተኛው ስለ ማያያዣ ነው። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ መሣሪያውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዝ ብልኃት አወጣ። በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከ1946 እስከ 1956 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተሠራችው ትንሿ ትራክተሩ በዚህ ብልኃት ታወቀች። የብልኃቱ ጥቅም ማረሻው በአፈር ውስጥ ሲሳብ ክብደቱን ወደ ኋላ ጎማ ስለሚያስተላልፍ ቀላሏ መኪና እንደ ከባድ ትራክተር መሬት እንድትጨብጥ ማድረጉ ነው። ማያያዣው በየደረጃው ልክ አለው፤ ለትንሽ ትራክተር የሚስማማው አንደኛው ደረጃ ነው። መሣሪያውን የሚያሽከረክረው ዘንግም በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር መሆኑ መታወቅ አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ የተገዛው መሣሪያ በግቢ ውስጥ ዝገት ይበላዋል።

አምስተኛው ስለ ነፍስ ነው። የእኅቴ ልጅ በጭቃ የተያዘ ግንድ ለማውጣት ሰንሰለቱን ከመሳቢያው በላይ፥ ከኋላ ጎማው እንብርት ከፍ አድርጎ አስሮ ሲጎትት የፊት ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ተነሥተው ነበር። ፍሪሲዮኑን ፈጥኖ ባይረግጥ ኖሮ መኪናዋ ወደ ኋላ ተገልብጣ ትወድቅበት ነበር። አረጋዊው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ሸክም ሁልጊዜ ከታች ካለው መሳቢያ መታሰር እንዳለበት፥ ከነጂው በላይ የብረት ቅስት የሌለው ትራክተር ለልጅ ከቶ መሰጠት እንደሌለበት፥ ፍሬን የሌለው ተሳቢም ቁልቁለት ላይ ገዳይ መሆኑን ነገሩን። እኅቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳት በኋላ ነገረችኝ። እኔም አሰብሁት፤ በሬዎቿን አስሸጥኋት፥ ልጇንም ላሳጣት ነበር።

ስድስተኛው ስለ ሒሳብ ነው። ስፋቱ 1.25 ሜትር የሆነ መሣሪያ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ሲጎተት በሰዓት ግማሽ ሄክታር ይሸፍናል። ነገር ግን በጠባብ መሬት ላይ መዞሩ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ አንድ ሄክታር ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ የእኛ 9 ጥማድ ለአንድ ዙር 7 ሰዓት፥ ማለት የአንድ ቀን ሥራ ነው። በበሬ 9 ቀን ይፈጅ ነበር። ይህ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ሌላ ጥያቄ ያመጣል፤ መኪናዋ በቀሩት ቀኖች ምን ትሠራለች? ዕዳው ግን በቆመችበትም ቀን ይቈጠራል። ስለዚህ ሁለት ሄክታር ያለው ቤት ብቻውን ትራክተር ሊመግብ አይችልም። መሬታቸው ኩታ ገጠም የሆነ ጎረቤቶች ተስማምተው ቢያሠሯት ግን ራሷን ትችላለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ከዚህ ትምህርት በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ በባለ ሁለት ዲስክ ለወጥን። ቀላል የዲስክ መከስከሻ ጨመርን፤ ሮታቫተሩን ለሜዳው መሬት ብቻ አደረግነው። የጎማውን ርቀት አሰፋን። ለተሳቢው ፍሬን አስገባን፤ ለመኪናዋም የብረት ቅስት አስተከልን። ቶሎ የሚያልቁትን ዕቃዎች፥ ማለት የዘይትና የናፍጣ ማጣሪያ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎንና ያን አሳፋሪ ጎማ አስቀድመን ገዝተን በሣጥን አኖርን።

ከሁሉም ይልቅ ገንዘብ ያመጣው ከመጀመሪያ የናቅነው ተሳቢው ሆነ። ገበሬው በቈሎውንና በርበሬውን ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ገበያ ለማድረስ ማጓጓዣ ይፈልጋል። የቡሬ ከተማም በ2013 ዓመተ ምሕረት የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆባት በእርሻና በኢንዱስትሪ መካከል መገናኛ እየሆነች ነው። በተሳቢው ኪራይ የመጀመሪያዎቹን ክፍያዎች ከፈልን። ከቀረው ገንዘብ ደግሞ እኔ በነገሩ ሳልጠየቅ አንድ ነገር አደረግሁ፤ የእኅቴን በሬዎች ፍለጋ ሄድሁ። ዳለቻ ለሥጋ ተሽጦ ኖሮ አልተገኘም። ቦራን ግን በማንኩሳ አቅራቢያ አንድ ገበሬ ዘንድ አገኘሁት። ከሸጥንበት ዋጋ አብልጬ ገዛሁት፤ ጓደኛ የሚሆነውንም ሌላ በሬ ጨመርሁለት። ወደ ግቢው ሳስገባው እኅቴ እጇን በአፏ ላይ ጭና ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ሄዳ ግንባሩን ዳሰሰችው።

ይህ ለስሜት ብቻ የተደረገ አይደለም። ከ2015 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ጦርነት ሲነሣ፥ መንገድ በተዘጋበትና ናፍጣ በታጣበት ጊዜ መኪናዋ በዳስ ሥር ቆማ እነዚያ ሁለት በሬዎች ቤቱን መግበዋል። መኪናዋ በሥራ ላይ ስትሆን በሰዓት 4 እስከ 5 ሊትር ናፍጣ ትጠጣለች፤ በሬ ግን ገለባ በልቶ ያርሳል፥ እበቱም ኩበትና ማዳበሪያ ይሆናል። ሥልጣኔ ማለት ያለውን ጥሎ አዲሱን መያዝ አይደለም፤ ሁለቱን በየቦታቸው ማሠራት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለባለሥልጣኖችና ለባለጸጎች ላስታውስ እወዳለሁ። በአርሲ ጭላሎ በ1967 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የእርሻ ልማት ድርጅት ሲቋቋም ገበሬውን ለመርዳት ታስቦ ነበር። ነገር ግን ትራክተር የገዙ ባለ መሬቶች ብዙ ጭሰኞችን ከእርሻቸው አስወጡ። የዛሬው የመሬት ሕግ ሌላ ቢሆንም ጥያቄው አልቀረም፤ መኪና ሲገባ ማን ይወጣል? በእኛ ቤት እኅቴን በእኩል ሲያርስላት የነበረው ጎልማሳ ሥራ ሊያጣ ነበር። እርሷ ግን፥ «በክፉ ቀን የቆመልኝን ሰው በደኅና ቀን አላባርርም» ብላ ከልጇ ጋር መኪና መንዳትን እንዲማር አደረገች። ዛሬ ከልጇ ይልቅ ጥንቃቄ ያለው ነጂ እርሱ ነው።

እንግዲህ በከተማ ተቀምጣችሁ ለገጠር ዘመዶቻችሁ ደግ ለመሥራት የምታስቡ አንባቢዎች ሆይ፥ አሳባችሁ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ነጋዴ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ መሬቱ ሂዱ፤ ከመሬቱም በፊት መሬቱን የምታውቀውን እኅት፣ እናት ወይም አጎት ጠይቁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኔም አፍስሼ ለቅሜአለሁ። የፈሰሰው ሁሉ ግን አልተለቀመም፤ ዳለቻ አልተመለሰምና።

እኅቴ ዛሬም መኪናዋ ስትነሣ በማለዳ ወጥታ ታያታለች። ቀድሞ የጠየቀችኝን ጥያቄም አልረሳችውም። ባለፈው ስሄድ የመለዋወጫውን ሣጥን ከፍታ አሳየችኝና፥ «ወንድምዓለም፥ ብረት ሲሰበር የሚደረገው ይህ ነው ለካ» አለችኝ። በዚህ ጊዜ የሣቅነው ሁለታችን አብረን ነው።